ቆብ ሳይጭኑ የማኅበር ልጅ መሆን፤ የትኛውን እንምረጥ?

እኔ የተሳሳትኩት በፍቅር ነው። ትንሿን ቅድስት ተሬዛን፣ ያችን ፈረንሳዊት የቀርሜሎስ መነኩሲት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳታለሁ። እናቴ ሥዕሏን ከመኝታዬ በላይ ሰቅላልኝ ነበር። ካደግኩ በኋላ፣ ያገቡና የወለዱ ሰዎች ሳይመነኩሱ የሚገቡበት የቀርሜሎስ ማኅበር በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ስሰማ አላመነታሁም። ይሄማ የኔ ቤት ነው ብዬ ሄድኩ።

ቤቱ ጥሩ ቤት ነበር። ሰዎቹም መልካም ነበሩ። ያልገጠመው የኔ ቀን ነው። ያኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት የጽሞና ጸሎት እቀመጣለሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ይጥለኛል። ስነቃ ደግሞ ጸጸቱ። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ቆየሁ። በመጨረሻ ለኔ ጸሎት አይሆንልኝም ብዬ ደመደምኩ።

ስቼ የነበረው አመራረጤን ነው። ቅዱሷን አየሁ፤ የራሴን ማክሰኞ ግን አላየሁም። ማክሰኞ የምለው ያንን በዓል የሌለበትን፣ ሥራ ያለበትን፣ ልጅ የሚያለቅስበትን ተራ ቀን ነው። ከዚህ በታች ያሉትን የካቶሊክ ምእመናን ማኅበራት የማወዳድረው በዚያ ቀን መለኪያ ነው።

የተሬዛን ወላጆች እንኳ ብናይ ይገባናል። እናቷ ዜሊ ማርታን ዳንቴል እያሠራች የምትሸጥ ነጋዴ ነበረች። አባቷ ሉዊ ሰዓት ሠሪ ነበር። ዘጠኝ ልጆች ወለዱ፤ አራቱ በልጅነታቸው ሞቱባቸው። የቀሩት አምስት ሴቶች ሁሉም መነኮሱ፤ ከነሱ አራቱ የቀርሜሎስ ገዳም ገቡ። እናትየዋ ግን የፍራንቸስኮስ ሦስተኛ ማኅበር፣ ማለትም የምእመናኑ ማኅበር፣ አባል ነበረች። ልጆቿ የሄዱበት መንገድ ሌላ፣ እሷ ከሱቅና ከማዕድ ቤት ጋር የኖረችው መንገድ ሌላ። ባልና ሚስቱ በ2015 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አብረው ቅዱሳን ተብለዋል።

የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። በከተማው ብሩክላንድ የሚባል ሰፈር አለ፤ ሰዎች ትንሿ ሮም ይሉታል። የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲው እዚያ ነው። የፍራንቸስካውያን ገዳም አለ። የዶሚኒካውያን የትምህርት ቤት አለ። የቤኔዲክቶሳውያን የቅዱስ አንሴልም ገዳም አለ። ቀርሜሎሳውያንም ሩቅ አይደሉም። ይህን ሁሉ በር በአንድ ሰፈር ማግኘት ዕድል ነው። አገር ቤት ወይም ዓረብ አገር ላላችሁ ምርጫው ጠባብ ሊሆን ይችላል። ለናንተም የሚሆን ነገር ወደ ኋላ አለ።

ነገሩ ምንድን ነው?

በድሮው አቆጣጠር አንደኛው ማኅበር የወንድሞች፣ ሁለተኛው የመነኮሳይያት፣ ሦስተኛው የምእመናን ነው። ሦስተኛ ማኅበር የሚባለው ከዚህ መጥቶ ነው። የ1983ቱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ በቁጥር 303 ያውቀዋል፤ በዓለም እየኖሩ የአንድን ገዳማዊ ማኅበር መንፈስ የሚካፈሉ ሰዎች ማለት ነው። ትዳራችሁን አትተዉም። ቤታችሁን አትለቁም። ልብሳችሁም ያው ነው። ባል ወይም ሚስት ያላችሁ ከሆነ ግን ከመጀመሩ በፊት ቤት ውስጥ መነጋገር ያስፈልጋል። እሁድ ከሰዓት በድንገት መጥፋት ሲጀምር ሰው ይቀየማል፤ ቢቀየምም ልክ ነው።

የምትሰጡት በአብዛኛው ቃል ኪዳን ነው፣ የመነኮሳት ዓይነት ስእለት አይደለም። ለምሳሌ የዶሚኒካውያን ምእመናን ደንብ፣ መጣሱ ብቻውን ኃጢአት እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል። ይሄን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ጠዋት ባላለቀስኩ።

እኛ ሐበሾች ማኅበር አዲስ ነገር አይሆንብንም። በወር በወሩ በጻድቁ ስም ተሰብስበን ጸሎት አድርሰን፣ ጽዋ ቀምሰን፣ ተራውን ለሚቀጥለው አስረክበን እንለያያለን። እነዚህ ማኅበራት በመሰብሰቡ ይመሳሰላሉ። የሚለዩት በሕንጸቱ ነው፤ ሰው ገብቶ ለዓመታት ይማራል፣ ይፈተናል፣ ከዚያ ለዕድሜ ልክ ቃል ይገባል።

የዓመቱ ብዛት ደግሞ ይለያያል። ለፍራንቸስኮስ ሕንጸቱ ከአንድ ዓመት አያንስም፤ በብዙ አገር ከዚያ ይረዝማል። ለዶሚኒክ አንድ ዓመት ያህል ትማራላችሁ፣ ለሦስት ዓመት ጊዜያዊ ቃል ትገባላችሁ፣ ከዚያ የዘላለሙ ይመጣል። ቀርሜሎስ ረጅሙ ነው፤ ቢያንስ ስድስት ወር መተዋወቂያ፣ ሁለት ዓመት እስከ መጀመሪያው ቃል፣ ሌላ ሦስት ዓመት እስከ መጨረሻው። ስድስት ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። የቤኔዲክቶስ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ድሆችን ቤት ለቤት የሚጠይቀው የቅዱስ ቪንሴንት ማኅበር ግን ዛሬ መጥታችሁ በሳምንቱ ሥራ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። በየሁለት ዓመቱ ከተማ የምትቀይሩ ከሆነ ይህን ልዩነት አቅልላችሁ አትዩት።

ድሃ ሲያዩ ልባቸው ለሚነካ፤ ፍራንቸስኮስ ወይስ ቪንሴንት?

ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ስለ ድሆች ያወራሉ። ቀርበው ሲያዩዋቸው ግን የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነው።

ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ያረፈው በ1226 ነው። እሱ በሕይወት እያለ ያገቡ ሰዎች "እኛስ ምን እናድርግ?" እያሉ ይከተሉት ነበር። ለእነሱ የተጻፈው የመጀመሪያ ደንብ በ1221 ወጣ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ኒቆላዎስ 4ኛ በ1289 ደንብ አጸደቁላቸው። ዛሬ የሚሠራበትን ያጸደቁት ጳውሎስ 6ኛ በ1978 ናቸው። ልቡ አንድ ነገር ነው፤ ከወንጌል ወደ ሕይወት፣ ከሕይወት ወደ ወንጌል መመላለስ። ወንጌል ታነባላችሁ፤ ከዚያ የቤት ኪራይ፣ የአለቃ ቁጣ፣ የጎረቤት ኩርፊያ ይመጣል። ማታ ያንን ይዛችሁ ወደ ወንጌሉ ትመለሳላችሁ።

የፍራንቸስኮስ ጥያቄ "እንዴት ትኖራለህ?" ነው። ስንት ጫማ አለህ? ያስፈለገህ ነው ወይስ ያማረህ? ከማትወደው ሰው ጋር በአንድ ማዕድ ትቀመጣለህ? ወንድማማችነቱ ጌጥ እንዳይመስላችሁ። በየወሩ የምታገኟቸውን ሰዎች እናንተ አልመረጣችኋቸውም። አንዱ ብዙ ያወራል። አንዷ ሁልጊዜ ታረፍዳለች። እነሱን መውደድ ራሱ የደንቡ አካል ነው። የሚመራው ደግሞ ከመካከላችሁ በምርጫ የሚሾም ምእመን ነው፤ ለሦስት ዓመት። አገልጋይ ይባላል። ካህኑ መንፈሳዊ ረዳት እንጂ አለቃ አይደለም። ሁሉን ነገር ለአባ መተው ለለመድን ለኛ ይሄ በመጀመሪያ ግራ ያጋባል። ከጊዜ በኋላ ግን ያሳድጋል።

ጠባቂዎቹ ሁለት ናቸው፤ የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 9ኛ እና የሃንጋሪዋ ኤልሳቤጥ። ኤልሳቤጥን ሳስብ ሁሌ እገረማለሁ። በልጅነቷ ተዳረች፣ በ20 ዓመቷ ባሏ ሞተባት፣ ማርቡርግ ላይ ሆስፒታል አቋቁማ በሽተኛ አጠበች፣ በ1231 በ24 ዓመቷ አረፈች። ሚስት ነበረች፣ እናት ነበረች።

ቪንሴንት ደግሞ የሚጠይቀው "ሐሙስ የማን ተራ ነው?" ብሎ ነው። በ1617 ሻቲዮን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ የቁምስና ካህን ነበር። አንድ ቤተሰብ በሙሉ ታሞ መተኛቱን ሰማና በስብከቱ ተናገረ። ሕዝቡ እየተግተለተለ ምግብ ይዞ ሄደ። ቪንሴንት ይህን ሲያይ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ አሰበ። ዛሬ የተትረፈረፈው ምግብ ይበላሻል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ምንም አይኖርም። ሴቶቹን ሰብስቦ በተራ አደራጃቸው። ያ የምእመናን የፍቅር ሥራ ማኅበር እስካሁን አለ።

ከዚያ በ1833 ፍሬዴሪክ ኦዛናም የሚባል የ20 ዓመት ተማሪ ፓሪስ ላይ ከጓደኞቹ ጋር የቅዱስ ቪንሴንት ማኅበርን ጀመረ። ድሃ ቤት እንዴት እንደሚገባ ያስተማረቻቸው ሲስተር ሮዛሊ ሮንዱ ነበረች። ዛሬም አሠራሩ ያው ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ቤት ለቤት ይጠይቃሉ። አዘውትረው ይሰበሰባሉ፣ ይጸልያሉ፣ የማን ቤት ምን እንደጎደለ ይነጋገራሉ። አስተውሉ፤ ይሄ ሦስተኛ ማኅበር አይደለም። የዕድሜ ልክ ቃል ኪዳን የለውም። መንፈሱ ግን የቪንሴንት ነው።

ሁለቱም በአገራችን ሥር አላቸው። የቪንሴንት ልጅ የሆኑት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ ያላቸው፣ በ1839 መጥተው በ1860 በዚያው ምድር ላይ በመንገድ አርፈዋል። ከጎጃም የተነሡት መነኩሴና ሊቅ ብፁዕ ገብረ ሚካኤልም ከእሳቸው ጋር ናቸው፤ በ1855 በእስራት ሰማዕት ሆኑ። ከፍራንቸስኮስ ቤት ደግሞ ካፑቺኑ አቡነ ማስያስ በ1846 ደረሱ። ሕዝቡን የፈንጣጣ ክትባት እየከተቡ ስንት አገር ዞሩ። እና አንዳንዱ "ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው" ሲለኝ እነዚህን አባቶች አስታውሰዋለሁ።

የኔ ፍርድ ይሄ ነው። ጎረቤት ሲታመም ማንም ሳይነግራችሁ ድስት የምትጥዱ ከሆነ ቪንሴንት ጋ ሂዱ። እዚያ ትደሰታላችሁ። ኑሯችሁ ራሱ የከበዳችሁ፣ ዕቃ የበዛባችሁ፣ ሰው መውደድ ያቃታችሁ ከሆነ ፍራንቸስኮስ ጋ ሂዱ። ስብሰባው በብዛት በወር አንዴ ነው። ፈረቃ የሚሠራ ሰውም ይደርስበታል። እኔ መጨረሻ ላይ ያረፍኩት እዚህ ነው። ስለዚህ ማድላቴን ይዛችሁ አንብቡኝ።

ጸሎት ለተራቡ፤ ቀርሜሎስ ወይስ ኢግናጥዮስ?

ስለ ቀርሜሎስ መጥፎ የምናገር እንዳይመስላችሁ። ካየኋቸው ሁሉ ጥልቁ እሱ ነው። የአቪላዋ ተሬዛና የመስቀሉ ዮሐንስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያደሱት ቤት ነው። ተሬዛ ጸሎትን የምታየው እንደ ወዳጅነት ነበር፤ እንደሚወደን ከምናውቀው ጋር ደጋግሞ ብቻ ለብቻ መጨዋወት። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የጽሞና ጸሎት አለ። የጠዋትና የማታ ጸሎተ ሰዓታት አለ። የሚቻል ከሆነ የዕለት ቅዳሴ አለ። በየወሩ ስብሰባ፣ የማይቋረጥ ትምህርት አለ።

የቀርሜሎስ ትልቁ ስጦታ ድርቀት ሲመጣ አለመሸሽን ማስተማሩ ነው። ጸሎት ጣዕም ያጣበት ጊዜ ለሁላችንም ይመጣል። ሌላው ቦታ "ምን አጠፋሁ?" እንላለን። እዚያ ግን የቆዩ ሰዎች አሉ። ዝም ብለው አጠገባችሁ ይቀመጣሉ። ልጆቹ ወጥተውለት ቤቱ ዝም ያለበት ሰው፣ ባሏን የቀበረች ሴት፣ ጡረታ የወጣ አባት እዚያ ቤቱን ያገኛል። ወጣትም ይገባል። ሕፃን የታቀፈች እናትም አይቻለሁ፤ ባሏ በየቀኑ ያንን ግማሽ ሰዓት ልጁን ይዞላት ነበር። ቁም ነገሩ እሱ ነው። ግማሽ ሰዓቱን የሚጠብቅላችሁ ሰው ወይም ሁኔታ አለ ወይ?

የኢግናጥዮስ መንገድ የተወለደው ከምእመን ነው። ኢግናጥዮስ በ1521 ፓምፕሎና ላይ እግሩ የተሰበረ ወታደር ነበር። ካህን የሆነው በ1537 ነው። መንፈሳዊ ልምምዱን ለሰው መስጠት የጀመረው ከዚያ በፊት፣ ገና ምእመን ሳለ ነው። እሱ የመሠረታቸው ኢየሱሳውያን ሦስተኛ ማኅበር የላቸውም። መንፈሳቸውን የሚኖሩ ምእመናን ግን የክርስቲያናዊ ሕይወት ማኅበር በሚባለው ይሰባሰባሉ። ሥሩ በ1563 ሮም ውስጥ ለተማሪዎች ከተመሠረተው የእመቤታችን ማኅበር ይመጣል። ይህን ስም የያዘው በ1967 ነው።

ዋናው የዕለት ሥራ ኅሊናን መመርመር ነው። ቀኑ ሲያልቅ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ትወስዳላችሁ። ለምን ላመስግን? ዛሬ የት ደስ አለኝ? የት ጨለመብኝ? እግዚአብሔር የት ነበር? ነገ ምን ላስተካክል? ይሄ አውቶቡስ ውስጥ ይሆናል። የሌሊት ፈረቃ ዕረፍት ላይ ይሆናል። መንፈሳዊ ልምምዱን ደግሞ ወር ሙሉ ሱባኤ ገብቶ ማድረግ ይቻላል፤ ሥራና ልጅ ያለው ሰው ግን እቤቱ ሆኖ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ለወራት ሊያደርገው ይችላል።

ልዩነቱን ለአንዲት እህት ስነግራት እንዲህ ብዬ ነበር። ቀርሜሎስ ሐሳብሽን ጸጥ አድርገሽ ከጌታ ጋር እንድትቀመጪ ያስተምርሻል። ኢግናጥዮስ ያንኑ ሐሳብሽን፣ ምኞትሽንና ፍርሃትሽን ይዘሽ ነይ፣ በሱ ውስጥ እንፈልገው ይልሻል። አንድ ውሳኔ ፊታችሁ የተደቀነ ከሆነ፣ ልመለስ ወይስ ልቅር፣ ላግባ ወይስ ልጠብቅ የምትሉ ከሆነ፣ ኢግናጥዮስ ይረዳችኋል።

ግን አንድ ነገር ልናገር። በኢግናጥዮስ ማኅበር ሰዎች በትንሽ ቡድን ተቀምጠው የልባቸውን ይነጋገራሉ። ለኛ ይሄ ቀላል አይደለም። "ገበናህን ሸፍን" ተብለን ነው ያደግነው። የኛ ሰው በሞላበት ቡድን ውስጥ "ወሬው ነገ የት ይደርስ ይሆን?" የሚል ፍርሃት አለ። ፍርሃቱ ከንቱ ነው አልልም። ቡድኑ ምሥጢር መጠበቁን ሳታዩ ልባችሁን አትዘርግፉ። ሁለት ሦስት ወር ማዳመጥ ነውር የለውም።

የኢየሱሳውያን ስም ሲነሣ የሱስንዮስን ዘመን የሚያስታውስም ይኖራል። ልክ ነው፣ ያ ዘመን ደም የፈሰሰበት ነው፤ ቁስሉ በአገራችን ረጅም ጊዜ ቆይቷል። ይህን ሳይደብቁ ማወቅ ይሻላል። በ1945 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ የተመለሱት ኢየሱሳውያን መምህራን ሆነው ነው የመጡት፤ መጀመሪያ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ። ቢሾፍቱ ያለው የገሊላ ማዕከል ደግሞ ሱባኤ ለሚፈልግ ሰው በሩ የታወቀ ነው። አገር ቤት ያላችሁ ለመቅመስ ከዚያ ብትጀምሩ ጥሩ ነው።

ጥያቄ ለማያልቅባቸው፤ ዶሚኒክ

"ለምን?" ማለት የማይለቀው ሰው አለ። ስብከት ሰምቶ ቤቱ ሲገባ መጽሐፍ የሚገልጥ። ለሱ ዶሚኒክ አለለት። አራት ምሰሶ አላቸው፤ ጸሎት፣ ጥናት፣ የጋራ ሕይወት፣ ስብከት። ጥናት እዚህ እንደ ጸሎት ይቆጠራል። ስብከት ሲባል ግን ምእመኑ መድረክ ላይ ይወጣል ማለት አይደለም። ልጁን ማስተማር፣ የሥራ ባልደረባውን በትክክል መመለስ፣ የያዘውን እውነት በፍቅር መናገር ነው።

ይህን መንፈስ ዛሬ በጣም እፈልገዋለሁ። በፌስቡክና በቲክቶክ የሃይማኖት ክርክራችን ስድብ ሆኗል። ካቶሊኩም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም። ዶሚኒክ የሚያስተምረው መጀመሪያ የሌላውን ቃል በደንብ ማንበብን ነው።

የሲየናዋ ካታሪና የዚህ ቤት ልጅ ናት። ገዳም አልገባችም። ከወላጆቿ ቤት ሆና ኖረች፣ በሽተኛ አስታመመች፣ ለር.ሊ.ጳ. ሳይቀር ደብዳቤ አጻፈች። በ1380 በ33 ዓመቷ አረፈች። በ1970 የቤተ ክርስቲያን መምህር ተብላለች። ሌላው ፒየር ጆርጆ ፍራሳቲ ነው። የቱሪን ልጅ፣ ተራራ ወጪ፣ የማዕድን ምሕንድስና ተማሪ። በ1922 የዶሚኒክ ሦስተኛ ማኅበር ገባ። ከዚያ ቀደም ብሎ የቅዱስ ቪንሴንት ማኅበር አባል ሆኖ የድሆችን ቤት ይጠይቅ ነበር። በ1925 በ24 ዓመቱ ሞተ። በመስከረም 2025 ቅዱስ ተብሏል። ከሱ የምንማረው፣ ቪንሴንት ከሌላ ማኅበር ጋር አብሮ እንደሚሄድ ነው። ሁለት ሦስተኛ ማኅበር ላይ አንድ ላይ መግባት ግን በአብዛኛው አይፈቀድም። አንዱን መምረጥ ነው።

የዶሚኒክ ከባዱ ነገር ቋንቋ ነው። እኔ በሄድኩበት ቡድን የሚነበበው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ያውም ረቂቅ ነገረ መለኮት። ቋንቋው የሚያደክማችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ስለ ቤኔዲክቶስና ስለ ዶን ቦስኮ በአጭሩ

የቤኔዲክቶስ ምእመን የሚተሳሰረው ከአንድ ገዳም ጋር ነው። የዚያ ገዳም ልጅ ይሆናል። ይመላለሳል፣ ከመነኮሳቱ ጋር ይጸልያል፣ ቃለ እግዚአብሔርን ቀስ ብሎ ማንበብ ይማራል፣ እንግዳ ይቀበላል። ገዳም መሳለም የለመደ ሐበሻ ይህን ወዲያው ይወደዋል። የድሆች ወዳጅ የነበረችው አሜሪካዊቷ ዶሮቲ ዴይ ከ1955 ጀምሮ እንዲህ ያለች የገዳም ልጅ ነበረች። በአገራችን ያሉት ሲታውያን የሚባሉት መነኮሳትም፣ ለምሳሌ መንዲዳ ያሉት፣ የሚኖሩት በዚሁ በቤኔዲክቶስ ደንብ ነው። ጉዳዩ ርቀት ነው። ገዳሙ ሩቅ ከሆነ ወይም እናንተ ቶሎ ቶሎ የምትዛወሩ ከሆነ ክሩ ይሳሳል።

ዶን ቦስኮ ለወጣቶች የኖረ ጣሊያናዊ ካህን ነው፤ ተባባሪዎቹ የሚባሉት ምእመናን ከ1876 ጀምሮ አሉ። መምህር ከሆናችሁ፣ የሰፈር ልጆች ሳትጠሯቸው የሚሰበሰቡባችሁ ከሆነ፣ ብዙ አታወዳድሩ። መቀሌ ወይም ዝዋይ የዶን ቦስኮ ትምህርት ቤት አጠገብ ያደገ ሰው ምን እንደምል ያውቃል።

በር ከማንኳኳታችሁ በፊት

መጀመሪያ አንድ ሳምንት ቀናችሁን ጻፉ። ስንት ሰዓት ትነሣላችሁ፣ ስንት ሰዓት መንገድ ላይ ናችሁ፣ ዝምታ የት አለ? ከዚያ ወደ ቡድኑ ስትሄዱ ሕጉን ብቻ አትጠይቁ። "ፈረቃ የሚሠራ ሰው አላችሁ? ሕፃን ያለው አለ? እንዴት አደረገ?" በሉ። መልሱን የሚሰጣችሁ ሰው ፊት ብዙ ይናገራል። ስለ ገንዘብም ጠይቁ። እንደ አቅም የሚዋጣ ነገር ይኖራል። የመግቢያ ብር ካሏችሁ ግን ቁሙና አጣሩ።

በግዕዝ ሥርዓት ያደግን ሰዎች አንድ ስጋት አለን፤ እነዚህ ሁሉ የላቲን ናቸው፣ ሥርዓታችንን እንለውጥ ይሆን? አትለውጡም። የማኅበር አባል መሆን ከግዕዝ ቅዳሴያችሁ አያወጣችሁም። ረቡዕና ዓርብ መጾማችሁን ቀጥሉ። ጸሎተ ሰዓታቱን በተመለከተ የራሳችንን መጸለይ ይቻል እንደሆነ ከመሪዎቹ ጋር ተነጋገሩ። እኔ ውዳሴ ማርያምን አልተውኩም፤ ማንም ተዪ አላለኝም።

ዓረብ አገር ላላችሁ እህቶች ደግሞ ለብቻ ልናገር። በወር አንድ ቀን ዕረፍት ያላት አለች። እሱም የሌላት አለች። ስብሰባ በግድ የሚል ማኅበር ለናንተ አሁን ሸክም ነው፤ ሸክም ላይ ሸክም አትጨምሩ። የማታውን ምርመራ ብቻ ያዙ። ወይም በየቀኑ አንድ የወንጌል ቁራጭ፣ ከዚያ ሥራ። ያ ብቻውን መንገድ ነው። ዱባይ፣ አቡዳቢ ወይም ኦማን ከሆናችሁ፣ የደቡብ ዓረብያ ሐዋርያዊ ቪካርያት፣ እንደ ሀገረ ስብከት ያለው፣ የሚመራው በካፑቺን ጳጳስ ነው፤ የፍራንቸስኮስ ቤት ሰዎች ናቸው። ቅዳሴ የምትደርሱበት ቀን ሲገኝ አንዱን አባት ጠይቁ።

በሕንጸት ላይ እያለ መውጣት ይቻላል። ሕንጸቱ ለዚሁ ነው። ከቀርሜሎስ መውጣቴን ለመናገር ሦስት ወር ፈራሁ። በመጨረሻ ለቡድኑ መሪ፣ ሽበታም እናት ናቸው፣ ከስብሰባ በኋላ ነገርኳቸው። እቅፍ አደረጉኝ። "ስንት ሰዓት ነው ከሥራ የምትወጪው?" ብለው ጠየቁኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ተናግሬ አላውቅም። ነገርኳቸው። "ታዲያ ልጄ፣ ተኚ" አሉኝ። ከዚያ ብሩክላንድ ላይ የፍራንቸስካውያኑ ስብሰባ የትኛው እሁድ እንደሆነ በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ቡናማው ስካፑላር፣ የቀርሜሎስ ምልክት የሆነው የአንገት ጨርቅ፣ ዛሬም አንገቴ ላይ አለ፤ እሱን ለመልበስ የማኅበሩ አባል መሆን አያስፈልግም።